የራስል አሥራ አንድ ቀን

ዶሪን ፕሩት በደቡብ ኦሃዮ፣ ኮረብታ በከበባት በካልደር ከተማ፣ የፍርድ ቤቱ ምድር ቤት ውስጥ በመሬት መዝገብ ሠራተኛነት ሃያ ዘጠኝ ዓመት አገልግላለች። የማን አጥር ከማን አጥር የት ላይ እንደሚገናኝ፣ የትኛው አያት ለየትኛው ልጅ ምን እንዳወረሰ ከሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ገና ጀማሪ ሳለች፣ ከሷ በፊት የነበረ ጸሐፊ ለወዳጁ ብሎ አንዲት ቀን ፍቆ የቀየረበት ሰነድ እጇ ገባ። በዚያች ቀን የተነሣ ሁለት ወንድማማቾች ፍርድ ቤት ሲመላለሱ አርጅተው፣ አንዱ በሌላው ቀብር ላይ ሳይቆም ቀረ። ዶሪን ያንን ሰነድ አልረሳችውም። ከዚያ ወዲህ ቀን ስትጽፍ እጇ ቀስ ይላል።

ወረቀት እንደሚሆንላት ከተማው ሁሉ ስለሚያውቅ፣ ልጇ ራስል ስካውት በገባ በዓመቱ የቡድኑ አለቃ ሃርሊ ቢቸም ቤቷ ድረስ መጣ። ሃርሊ ለየቤቱ ጋዝ የሚያመላልስ፣ ድምፀ ጎርናና፣ ሆዱ ገር ሰው ነበር።

«እኔ ልጆቹን ጫካ ወስጄ በሕይወት እመልሳቸዋለሁ፤ ወረቀቱ ግን ሊገድለኝ ነው» አላት።

«ምን ያህል ወረቀት ነው?»

«የንስር ማዕረግ ካልሆነ ትንሽ ነው።»

«ከሆነስ?»

«ከሆነማ እኔንም አብረሽ ፋይል ውስጥ ትከቺኛለሽ።»

ስቃ ተቀበለችው። የንስር ማዕረግ አንድ ስካውት የሚደርስበት የመጨረሻው ከፍታ ነው። ልጁ በየሙያው ተፈትኖ ሃያ አንድ ባጅ የሚባል የብቃት ምልክት ማግኘት፣ ሰው አስተባብሮ ለአካባቢው የሚጠቅም አንድ ሥራ መጨረስ፣ በቡድኑ ውስጥ ስድስት ወር ሙሉ ኃላፊነት ይዞ ማገልገል አለበት። ይህ ሁሉ የሚያልቀው አሥራ ስምንት ዓመት ሳይሞላው ነው። ለእያንዳንዱ ነገር ቀን ይጻፋል፣ ይፈረማል። ዶሪን ቡድኑ በሚሰበሰብበት ሐሙስ ሐሙስ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ታጣፊ ጠረጴዛ ዘርግታ፣ የየልጁን ቡናማ ፋይል ትደረድራለች። ቀን የጎደለበት ልጅ እናት ጋ ትደውላለች። «የዋናው ባጅ ካርድ የት ነው? ልብስ ማጠቢያው ውስጥ እንዳትዪኝ» ትላለች። ብዙ ጊዜ እዚያው ነበር የሚገኘው።

ራስል ዝምተኛ ልጅ ነበር። ማንበብ ይከብደዋል፤ ብረትና እንጨት ግን ይታዘዙለታል። ለማዕረጉ የመረጠው ሥራ ወደ መቃብሩ በሚወጣው ቀጥ ያለ መንገድ ላይ የብረት መደገፊያ መትከል ነበር፤ ባሎቻቸውን የቀበሩ አሮጊቶች እዚያ ሲወጡ ሲንሸራተቱ አይቶ ነው። ዘጠኝ ልጆች ሰብስቦ ሲሚንቶ ሲያቦካ፣ ሲበይድ የእረፍቱን ወራት ጨረሰ። አባቱ ቨርነን የድንጋይ ካባው መኪና ሾፌር ነው፤ ከአፉ ቃል ማውጣት ጥርስ እንደመንቀል ነው። ሥራው ያለቀ ዕለት ወጥቶ ብረቱን በሁለት እጁ ነቀነቀና፣ «ይሄ እኔንም ይችላል» አለ። ራስል ያንን ቃል ለሳምንት ሲደጋግመው ከረመ።

በዚያው በ1990 ኦገስት ላይ ሃርሊ፣ «ራስልን የመጋዘን ኃላፊ ላድርገው፤ ድንኳኑንና ድስቱን እሱ ይያዝልኝ» ብሎ ጠየቃት።

«ትንሽ ይረፍ እንጂ ሃርሊ፣ ልጁ አመድ መስሏል። ትምህርት ይጀመርና ይረጋጋ፣ ከዚያ ይያዝ» አለችው።

በቅንነት ነው ያለችው። የራሷን ልጅ ፋይልም ሁልጊዜ ከሁሉም በታች ታስቀምጠው ነበር። «የኔው ነው፣ የት ይሄድብኛል?» ትል ነበር።

በፌብሯሪ መጨረሻ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ፋይሉን የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ከፈተችው። ባጆቹ ልክ ናቸው። የመደገፊያው ሪፖርት ፊርማው ሞልቷል። ወደ ኃላፊነቱ ስትደርስ የቡድኑን ቃለ ጉባኤ ደብተር አወጣች። በገዛ እጅ ጽሑፏ፣ «ሴፕቴምበር 20፣ ራስል ፕሩት የመጋዘን ኃላፊነት ተረከበ» ይላል። ራስል አሥራ ስምንት የሚሞላው ማርች 9 ነው። በጣቷ ቆጠረች። ግድግዳው ላይ ያለውን ቀን መቁጠሪያ አውርዳ ደግማ ቆጠረች። ለስድስት ወሩ አሥራ አንድ ቀን ይጎድላል።

ሰኞ ጠዋት ከሥራዋ ሆና ለስካውቱ ቢሮ ደወለች። ያነሣው ሰውዬ ትሁት ነበር።

«ልጁ ታሞ ነበር ወይ? ሆስፒታል የተኛበት ጊዜ ካለ ቀኑ እንዲራዘምለት ልንጽፍለት እንችላለን።»

«አልታመመም።»

«ታዲያ ምን አዘገየው?»

«እኔ ነኝ ያዘገየሁት» አለች ዶሪን። ሰውዬው አዘነላት፤ ግን ሊያደርግላት የሚችለው ነገር አልነበረም።

በዚያ ምሽት ሃርሊ እራት ሳይነሣ መጣና ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ተቀመጠ። «ኃላፊነት የምሰጠው እኔ ነኝ አይደል? ኦገስት ሠላሳ ሰጠሁት በቃ። አንቺ ደብተርሽ ላይ አንዲት መስመር አስተካክዪ፣ እኔ እፈርማለሁ።»

«አልሰጠኸውም እኮ።»

«ልሰጠው ነበር! ያስቀረሺኝ አንቺ አይደለሽ? አንቺ ሴትዮ፣ ገነት በር ላይ ቅዱስ ጴጥሮስንም ፎርም ልታስሞዪው ነው!»

ማንም አልሳቀም። ቨርነን ሹካውን አስቀመጠ። «ጻፊለት ዶሪን» አለ። ከተጋቡ ጀምሮ አንድ ነገር አድርጊልኝ ብሎ ሲለምናት ያ ሦስተኛው ወይም አራተኛው ቢሆን ነው።

«አልችልም።»

ራስል በሩ ላይ ቆሞ ሁሉንም ሰምቷል። «ኦገስት ላይ እምቢ ያልሺው አንቺ ነሽ» አላት።

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«ደብተሩን የምትይዢውም አንቺ ነሽ።»

«አዎ።»

«እና አንዴ ብቻ፣ ለኔ ብለሽ...»

«ራስል፣ ውሸት ላይ ስምህን አልጽፍም።»

«ስሜን አይደለም የምትጠብቂው እማዬ፤ እጅሽን ነው» አለና ወደ ክፍሉ ሄደ።

ማርች 9 ኬክ ጋገረች። ራስል አንድ ቁራጭ በላና አመሰገናት። የስካውት ልብሱን አጥፎ ሣጥን ውስጥ ከተተው፤ ሐሙስ የሚባል ቀን ከዚያ በኋላ ለሱ አልነበረም። በዓመቱ ተጎታች ቤት ከሚሠራበት ፋብሪካ በያጅነት ተቀጥሮ ኢንዲያና ገባ፣ እዚያው አገባ፣ እዚያው ወለደ። ለገና ይደውላል። «ደህና ነሽ?» «ደህና ነኝ። ሥራ እንዴት ነው?» «ደህና።» አልሰደባት፣ አላኮረፋት። እንዲያ ቢሆን ይሻላት ነበር። ቨርነን በ2009 ሲሞት መጥቶ ሣጥኑን ተሸከመ። ሽቅብ ሲወጡ ቀባሪው ሁሉ ያንን መደገፊያ ይይዛል፤ ራስል ብቻ ሸክሙን ለሌላ ከለቀቀ በኋላም መሐል ለመሐል ወጣ። ዶሪን አየችው።

የቡድኑን ወረቀት ግን አልተወችም። ልትተው አስባ ነበር፤ ሃርሊ በዚያው ኤፕሪል የሌላ ልጅ ፋይል ይዞ መጣና መመለስ አቃታት። ከዚያ ወዲህ በየልጁ ፋይል ሽፋን ላይ ልደቱንና ኃላፊነት መያዝ ያለበትን የመጨረሻ ቀን በቀይ ትጽፍ ጀመር። በሃያ ስምንት ዓመት ከካልደር አርባ አንድ ልጆች ለማዕረጉ በቁ፤ በቀን ስህተት የቀረ አንድም የለም። ማዕረጉ በሚሰጥበት ሥነ ሥርዓት ላይ ግን ልጁ ለእናቱ የምስጋና ሜዳሊያ ደረቷ ላይ የሚያደርግበት ሰዓት ሲደርስ፣ ዶሪን ኬክ ልቁረጥ ብላ ወጥ ቤት ትገባለች።

በ2019 መጀመሪያ ላይ የራስል ሚስት ማርላ ከጥርስ ሐኪም ቤት፣ ከሥራዋ ደወለችላት። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጃቸው ኮልተን ለማዕረጉ እየተዘጋጀ ነው። «ወረቀቱ አናቴ ላይ ወጣብኝ። ራስል እንደሆነ፣ ወረቀት ከሆነ እኔን አትጥሩኝ ይላል። እንደደወልኩልሽ አያውቅም» አለቻት።

«ልደቱ መቼ ነው?» አለች ዶሪን። የመጀመሪያ ቃሏ ይኸው ነበር።

ሰባት ወር አርብ አርብ በምሳ ሰዓት በስልክ ሠሩት። ዶሪን የማታውቀውን ልጅ በቀኖቹ አወቀችው፦ መቼ ዋና እንደቻለ፣ መቼ ክንዱ ተሰብሮ የጫካው የድንኳን ቆይታ እንዳመለጠው፣ ለምን የምግብ ማብሰል ባጁ ሁለት ዓመት እንደፈጀበት። ፋይሉ አንድም ነገር ሳይጎድለው ገባ፤ ጸደቀ።

ለማዕረጉ ሥነ ሥርዓት የጥሪ ካርድ በማርላ እጅ ጽሑፍ መጣ። ዶሪን በሰባ ሦስት ዓመቷ አምስት ሰዓት ብቻዋን ነድታ ሄደች። ራስል ሸብቷል። እንዳያት ቀረብ ብሎ ጉንጯን ሳማትና ከአማቱ ጎን አስቀመጣት። ኮልተን የረዱትን ሰዎች ስም ከወረቀት አነበበ፤ የሷ ስም አልነበረበትም። ከሰው ጋር አጨበጨበች። ራስል በወረቀት ሳህን ኬክ አመጣላትና የቤቷ ማሞቂያ እንዴት እንደሆነ ጠየቃት።

ልትሄድ ስትል መኪናዋ ድረስ ሸኛት። «የኋላ ጎማሽ ላልቷል» አለና ከራሱ መኪና መንፊያ አምጥቶ ተንበረከከ።

«ማርላ ዛሬ ጠዋት ነገረችኝ» አለ ሳይነሣ። «ስምሽ ይነበብ ብላ ነበር። አይሆንም ያልኩት እኔ ነኝ።»

«ምንም አይደለም።»

«ሲጠራ ፊቴ ምን እንደሚመስል አላውቅማ። የልጁን ቀን ላበላሽበት?»

ዶሪን ቦርሳዋን በሁለት እጇ ያዘች። ሃያ ስምንት ዓመት ያዘጋጀችውን ነገር ተናገረች፦ «ራስል፣ ስለ ኦገስቱ ይቅር በለኝ። ሃርሊን እምቢ ማለት አልነበረብኝም።»

የአየሩን ግፊት የሚያሳየውን መርፌ አየና ጎማውን መንፋቱን ቀጠለ። «ኦገስቱንማ የዚያኑ ዓመት ይቅር ብዬሻለሁ። እንዳርፍ ብለሽ ነው» አለ። «ያልቻልኩት ቀኑን ነው። ልክ እንደነበርሽ አውቃለሁ። ቢሆንም አልቻልኩም።»

ቀኑን ዛሬም ቢሆን አትቀይረውም፤ እሱም ይህን ያውቃል። ተነሥቶ እጁን በሱሪው ጠረገና በሩን ከፈተላት። «ቀስ ብለሽ ንጂ። ስትደርሺ ደውዪ።»

ስትደርስ ደወለች። ራሱ አነሣው። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ይደውልላት ጀመር፤ ስለ ማሞቂያው፣ ስለ ጎማው፣ ኮልተን ስለገባበት ኮሌጅ ያወራሉ። የዚያን ዓመት ነገር አንዳቸውም ዳግመኛ አላነሡም። ዶሪን በሦስተኛው ዓመት፣ በጃንዋሪ፣ ማክሰኞ ቀን ዐረፈች። እሑድ ዕለት ሲያወሩ ራስል ለፋሲካ እመጣለሁ ብሏት ነበር፤ ቀኑን አስደግማ ጽፋዋለች።