ቀዩ መብራትና የአባቴ ገብስ

አባቴ ቄስ ናቸው። ቀኝ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፤ ግራውም በሞራ እየተሸፈነ ሄዶ ካለፈው ክረምት ወዲህ ሰው የሚለዩት በድምፁ ሆኗል። ቅዳሴውን በቃላቸው ስለሚያውቁት ይቀድሳሉ፤ ወንጌሉን ግን ሌላ ቄስ ነው የሚያነበው። ይህ ምን ያህል እንደሚያንገበግባቸው አንድ ቀንም ነግረውኝ አያውቁም። መጽሐፉን ሲሳለሙት ከንፈራቸውን ቶሎ ስለማያነሡ ግን አውቃለሁ።

የዓይን ሞራ የሚያወጡ ሐኪሞች ለዘመቻ ደብረ ታቦር መጥተው ነበር። መንገዱ ተዘግቶ ሰንብቶ የተከፈተው ዘመቻው በሚያበቃበት ዕለት ነው። ከንፋስ መውጫ የሚነሣ ሌላ መኪና ስላልተገኘ ያለችን እኔ የምነዳት ሚኒባስ ብቻ ነበረች። እሷም ታማ ነበር።

ሕመሟ እንዲህ ነው። ሜዳ ላይ ምንም አትልም። ቁልቁለት ላይ የሙቀት መርፌዋ ከመሃል ንቅንቅ አትልም። ዳገት ስትጀምር መርፌዋ ቀስ እያለች ትወጣለች፤ ከዚያ ዳሽቦርዱ ላይ ቀዩ መብራት ይበራል። ቆማ ስትቀዘቅዝ ይጠፋል። ነገሩ የጀመረው አጨዳው አልቆ ውቂያ ሲገባ ነው፤ ያኔ ግን ይህን ከምንም አላገናኘሁትም።

የንፋስ መውጫው መካኒክ መጀመሪያ ሞተሩ ላይ ያለውን ወንበር አንሥቶ የሞተሩን ውሃ ዝውውር የምትቆጣጠረውን ቴርሞስታት ነቀላት።

«ውሃውን የምታንቀው ይቺ ናት» አለኝ።

«ፋብሪካው ያለ ምክንያት አላስገባትም።»

«ፋብሪካው ጋይንትን መቼ አየና? እዚህ አገሩ ራሱ ፍሪጅ ነው!»

መብራቱ ተመልሶ በራ። ቀጥሎ በሞተሩና በክዳኑ መሃል የሚገባው ማሸጊያ፣ ጋርኔሽኑ፣ ተቃጥሏል አለና ሞተሩ ተፈታ። አሮጌውን ጋርኔሽን ከጥራጊው ላይ አንሥቼ ዙሪያውን በጣቴ ዳሰስሁት፤ የተቃጠለ ቦታ አላገኘሁበትም። ራዲያተሩንም ከፊት በኩል በባትሪ አብርተን ሁለታችንም አየነው፤ ንጹሕ ነበር። መብራቱ እንደገና ሲበራ መካኒኩ ተናደደ።

«እንግዲህ ውሸታሟ መብራቷ ናት። ሽቦዋን ልቁረጥልህና ዕረፍ።»

«አይ፣ አትቁረጣት።»

«የስልክ ኢንጂነር! ቪዲዮ አይተህ ልታስተምረኝ ነው?»

ጋራዡ ውስጥ የነበሩት ሳቁብኝ። ያለኝ ትምህርት እውነትም ከስልኬና ከገዛ እጄ የተገኘ ነው፤ ሽቦዋን ግን አላስቆረጥሁም።

ወደ ደብረ ታቦር በተነሣንባት በዚያች ዕለት አባቴ ከፊት ተቀመጡ። መቋሚያቸውን በጉልበታቸው መሃል አቁመው፣ ዓይናቸውን የሚታጠቡበትን ጠበል በጀሪካን እግራቸው ሥር አድርገዋል። ወደ ጉና ተራራ የሚወስደውን ዳገት ጀምረን ብዙም ሳንሄድ፦

«በራች» አሉ።

«ምኗ?»

«ቀይዋ። እንደ ፍም ያለችው።»

እኔ መንገዱን እያየሁ ነበር። ዝቅ ብዬ ሳይ እውነትም በርታለች። ፊቴን የማያዩት አባቴ እሷን አዩ። ደስ ይበለኝ ወይስ ልዘን አላወቅሁም፤ ዳር ይዤ አቆምሁ።

እስክትቀዘቅዝ ጠብቀን፣ ውሃ ጨምሬ፣ ተነሣን። ትንሽ እንደ ሄድን በራች። ደግሞ ቆምን። እንዲህ እያልን የያዝሁት ውሃ አለቀ። አካባቢው ገላጣ ነው፤ ጅረቱ ደርቋል። ስልኩ ሲይዝልኝ መካኒኩ ዘንድ ደወልሁ።

«የውሃው ፓምፕ ነው» አለ ሳያቅማማ። «አስጎትተህ መልሳት።»

«አልመለስም። የአባቴ ሕክምና ዛሬ መጨረሻው ነው።»

«እንግዲያው መጸለይ ነው።»

«እሳቸው ቄስ ናቸው።»

«እሰይ! ግማሹ ሥራ አልቋል በላ» ብሎ ዘጋው።

ግንባሬን መሪው ላይ ደፋሁ። መጮኽ አማረኝ፤ አባቴ አጠገቤ ስለነበሩ ዋጥሁት።

«ፀሐይ የት ደረሰች?» አሉኝ።

«ገና ናት አባባ።»

«አይደለም። ወደ ምዕራብ ነው የምንሄደው፤ ፊቴን እየመታችኝ ነው። ዘንበል ብላለች።»

እሳቸው ጎንበስ ብለው ጀሪካኗን በእጃቸው ፈለጉና አቀበሉኝ።

«ይህን ጨምርላት።»

«ጠበሉን?»

«ታዲያ ወደ ሐኪሙ የምትወስደኝ እሷ አይደለችም? ትጠጣ። እግዜር ይቅር ይለናል።»

አማተቡበት። ቸኩዬ ስጨምር ከፊሉ ፈሰሰና በራዲያተሩ ፊት ወረደ። ከሥር ሲንጠባጠብ ጠቁሮ ነበር። ተንበርክኬ አየሁት። በውሃው ላይ የገብስ ጢም ይንሳፈፋል።

ከራዲያተሩ ፊት የአየር ማቀዝቀዣው ሌላ ወንፊት መሳይ ነገር አለ። ማቀዝቀዣው ስለማይሠራ ማንም ትዝ አይለውም። በባትሪ አብርተን «ንጹሕ ነው» ያልነው እሱን ነው። በሁለቱ መሃል ጣቴን አስገባሁ፤ ነፋስ በማያሳልፍ እብቅ እንደ ትራስ ተጠቅጥቋል።

በእኛ አገር ውቂያ ሲገባ በሬ ያነሰው ገበሬ ነዶውን አስፋልቱ ላይ ያነጥፋል። ሾፌር ሲደርስ ዝግ ብሎ ይሄድበታል፤ ቅን ከሆነ ዞሮም ይደግመዋል፤ ሽማግሌዎች ከዳር ቆመው ይመርቁታል። አልሄድም የሚል ሾፌር ስሙ አይነሣም። አባቴም በሬያቸው ሞቶባቸው ስለነበር ገብሳቸውን ያነጠፉት ለእኔ ነው። አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ ወዲያና ወዲህ ስመላለስበት ዋልሁ። አባቴ ዳር ቆመው ሞተሩን በጆሯቸው እየተከተሉ፣ ላለፈ ላገደመው ሁሉ «ልጄ ነው» ይሉ ነበር። የሞተሩ ማራገቢያ እብቁን ወደ ውስጥ እየሳበ እንደሆነ ማንም አላሰበም፤ ከሁሉ ይልቅ እኔ ማሰብ ነበረብኝ።

የወንበር ሽቦ አቃንቼ መጎርጎር ጀመርሁ። እብቁ ውሃ ጠጥቶ ተጣብቋል፤ በጥቂት በጥቂቱ እንጂ አይወጣም። ብቸኩል ራዲያተሩን እበሳዋለሁ። ፀሐይዋን ላለማየት ጀርባዬን ሰጠኋት። አባቴ ከመኪናዋ ወርደው በመቋሚያቸው መንገድ እየፈለጉ መጡና ካወጣሁት ላይ ቆንጥረው አሸተቱ።

«ገብስ ነው» አሉ።

«አዎ።»

«የማን?»

መጎርጎሬን ቀጠልሁ። በመዳፋቸው አሹት፤ ከዚያ አራገፉት።

«እኔው ያነጠፍሁት ነዋ» አሉ። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

እብቁ ሲያልቅ ሚኒባሷ ዳገቱን እንደ ጤነኛ ወጣችው። መርፌዋ መሃል ላይ ቆመች፤ ቀዩ መብራት አልበራም። እንዲህ ስትሄድ ማየት ለስንት ቀን ስመኘው የነበረ ነገር ነው፤ እኔ ግን ከመርፌዋ ይልቅ ፀሐይዋን አይ ነበር።

ሆስፒታሉ ግቢ ስንደርስ ድንኳኑን እያጠፉት ነበር። አንዲት ነርስ ዕቃ ታሽጋለች። ለመንኋት። አባቴን ወንበር ላይ አስቀምጣ ግራ ዓይናቸውን በባትሪ አየችው።

«አባቴ፣ ይሄ እኮ ይወጣ ነበር» አለች። «ሐኪሞቹ ከሰዓት ሄዱ።»

«መቼ ይመለሳሉ?» አልኋት እኔ።

«እንጃ። ሲመጡ ይነገራል።»

«እግዚአብሔር ይስጥሽ ልጄ» አሉ አባቴ፣ እንደ ተደረገለት ሰው።

እጃቸውን ይዤ ወደ መኪናዋ መለስኋቸው። ጀንበሯ ጠልቃለች። ቁልፉን ግማሽ ሳዞረው ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት ዳሽቦርዱ ላይ ያሉት መብራቶች ሁሉ ይበራሉ፤ ሲነሣ ይጠፋሉ። መኪናዋ ራሷን የምትፈትሽበት ነው።

«በራች» አሉ አባቴ።

«ደኅና ናት አባባ። ሞተሩን ሳስነሣው ትጠፋለች።»

«ትታየኛለች» አሉ። አንገታቸውን አስግገው ወደ ዳሽቦርዱ ተጠጉ። ቀዩ ብርሃን ጢማቸው ላይ አረፈ።

እጄ ቁልፉ ላይ ቀረ። ሽቦዋን አትቁረጣት ብዬ የተከራከርሁላት፣ ዳገት ለዳገት እንድትጠፋ የለመንኋት መብራት ናት። እንዲህ ስትቆይ የመኪናዋን ባትሪ እንደምትጨርሰው አውቃለሁ። ግን አላዞርሁትም። አባቴም አላጣደፉኝም፤ ሁለታችንም አየናት።

«እንሂድ እንጂ» አሉ ኋላ። «እናትህ ትጨነቃለች።»

አዞርሁት። ሞተሩ ወዲያው ተነሣ።

«ጠፋች» አሉ።

«አዎ አባባ፣ ጠፋች።»