በጭድ የተሞላው ጥጃ

ልጅ ሳለሁ፣ ከከሚሴ ወረድ ብላ በጨፋ ሸለቆ ባለችው መንደራችን፣ የአባቴ አባት አባባ ሰይድ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በረቱ ደጃፍ ተቀምጠው ተረት ይነግሩኝ ነበር። ትንኝ ጥጃውን እንዳይበላው የተለኮሰው የኩበት ጭስ ዓይኔን እያቃጠለኝ፣ እሳቸው በኦሮምኛ «ዱሪ ዱሪ»፣ ድሮ ድሮ፣ ብለው ሲጀምሩ ጉልበታቸው ስር እሸጎጣለሁ።

አንዱን ተረት ብረሳው በወደድኩ። አንድ ስግብግብ ሰው ነበር አሉ። የላሙን አራቱንም ጡት አልቦ ለጥጃዋ ጠብታ አያስተርፍም። ጥጃው ወርዶ ለወንዙ አለቀሰለት፤ ወንዙም ተቆጥቶ ሞላና የሰውየውን ከብት ሁሉ ጠራርጎ ወሰደ።

ያኔ ቡሬ የምትባል ከፈረንጅ ዘር የተዳቀለች ላም ነበረችን። አባቴ እኔን ሴት ልጁን ከሚሴ ሊያስተምርበት ወተቷን ለከተማው ሻይ ቤት ያቀርባል። የእንስሳት ባለሙያው እንዳዘዘው ጥጃው አይጠባም፤ ቡሬ እንድታየው ፊት ለፊቷ ይታሰርና፣ እናቴ በኩራዝ ብርሃን አልባ ስትጨርስ ድርሻው ተለክቶ በሳህን ይሰጠዋል። ባለሙያው ምክንያቱን ለአባቴ አስረድቶታል። አባቴ ግን ለእኛ «እንዲህ አድርጉ» ከማለት በቀር ያስረዳን ነገር አልነበረም። ስለዚህ ለእኔ አባቴ ያ የተረቱ ሰውዬ ነበር።

ሦስት ምሽት፣ ትልልቆቹ መግሪብ ሲሰግዱ ጥጃውን ፈትቼ ለቀቅሁት። እስኪበቃው ጠባ። ጅራቱን ሲያወዛውዝ ሳየው ቤታችንን ከወንዙ ያዳንኩ መስሎኝ ነበር። ቡሬ የአገራችን ላም ብትሆን ምንም ባልሆነ፤ የእነዚያ ወተት ጥጃቸውን እንኳ አያጠግብም። የቡሬ ግን ለለጋ አንጀት ከመጠን ያለፈ ነበር። ጥጃው ተቅማጥ ያዘው፤ በአምስተኛው ቀን ሞተ።

በእነዚያ ምሽቶች የሚታለበው በማነሱ አባቴ እናቴን መጠርጠር ጀምሮ ነበር።

«ወተቱን ለእናትሽ ቤት ነው የምትልኪው?» አላት።

«ወላሂ ጠብታ አልነካሁም!»

ጥጃው ሲሞት ደግሞ ገመዱን በደንብ ሳታስር ቀርታ ነው ብሎ በጎረቤት ፊት ጮኸባት። እኔ የበረቱን ምሰሶ ታቅፌ ዝም አልኩ። አባባም ዝም አሉ። እሳቸው ግን ያውቁ ነበር፤ በሦስተኛው ምሽት ከስግደታቸው ቀና ሲሉ ገመዱን ስፈታ ዓይን ለዓይን ተጋጭተናል። የገዛ ተረታቸው አሳፍሯቸው ይሆናል። እስከ ዛሬ ለዚያ ዝምታቸው ይቅር አላልኳቸውም፤ ለራሴም እንደዚያው።

ቡሬ ጥጃዋን ስታጣ ወተቷን ያዘች። አባባ የሞተውን ጥጃ ገፈው ቆዳውን በጤፍ ጭድ ሞሉትና ጨው ነሰነሱበት። እሷ ጥጃዋ መስሏት ትልሰዋለች፣ እናቴ ታልባለች፣ እኔ እንዳይወድቅ ደግፌ እይዘዋለሁ። ትምህርቴን የጨረስኩት በዚያ ወተት ነው። አባባ ከዚያ ወዲያ ተረት አልነገሩኝም፤ ስለምናቸው «ረሳሁት» ይሉኝ ነበር።

ዛሬ እኔው የእንስሳት ባለሙያ ሆኜ በዚያው ሸለቆ እዞራለሁ። ወተቱ ለምን አነሰ ስላቸው፣ ገበሬዎቹ መኖ ተወደደ፣ ውሃ ራቀ፣ የሚያዳቅልልን በሰዓቱ አይደርስም ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። እኔ ግን አባወራውን ካነጋገርኩ በኋላ አላቢዋንና ልጆቹን አስጠራለሁ፤ የጥጃው ድርሻ ለምን እንደሚለካ ሳልነግራቸው ከግቢው አልወጣም።

ለእናቴ የነገርኳት አምና ነው፣ አባቴም አባባም ከሞቱ በኋላ። ማሽላ ትለቅም ነበር። እጇ ሰፌዱ ላይ ቆመ።

«ያኔ ብትነግሪኝ ኖሮ» አለች፣ «አባትሽ እስኪሞት ሌባ እንደሆንኩ ሲያስብ አይኖርም ነበር። አሁንማ ሄጄ ለማን ልንገረው?»