«ሰፊዋን ዛሬውኑ እፈታታለሁ!»

ትናንት ከዙህር ሶላት በኋላ በገዛ አፌ ጉድ ልሆን ነበር... እስካሁን ሳስበው ያልበኛል።

ሀርጌሳ፣ ጋአን ሊባህ ሰፈር ውስጥ ትንሽ የእንጨት ሥራ ቤት አለችኝ። የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ። ሀርጌሳ የመጣሁት ተቀጥሬ ልሠራ ነበር፤ የራሴን ከከፈትኩ ገና ቅርብ ጊዜ ነው። የመጀመሪያው ደህና ሥራዬ ደግሞ የሐጃ ሳፊያ ነው። ልጃቸውን ሊድሩ ነውና ጣውላውን ራሳቸው ገዝተው የሙሽሮቹን አልጋ እንድሠራ ሰጡኝ። ሐጃ ማለት ሰፈሩ በሙሉ የሚሰማቸው ሴትዮ ናቸው። አልጋውን ከወደዱት ሥራ በሽ በሽ ነው። ከጠሉት ግን... እቃዬን ሸክፌ ወደ ኮምቦልቻ!

ችግሩ የአልጋው ራስጌ ነው። ሐጃ ከዳር እስከ ዳር የተጠማዘዘ የአበባ ሐረግ ይሁንልኝ ብለዋል። እኔ ደግሞ ለባንድሶዬ፣ ለዚያ እንደ ቀበቶ እየዞረ ለሚቆርጠው ማሽን ማለቴ ነው፣ ያለችኝ ሰፊ ምላጭ ብቻ ናት። ሰፊ ምላጭ ጣውላ ቀጥ አድርጎ ለመሰንጠቅ የሚያክላት የለም። ጥምዝ ላይ ግን ሞቼ እገኛለሁ ትላለች። ለመታጠፍ ቀጭን ምላጭ የግድ ነው። ስለዚህ የበርበራ መስመር ሾፌር የሆነውን ጓደኛዬን ግርማን ከዚያ ከመሣሪያ ሱቅ እንዲገዛልኝ ላክሁት።

ትናንት ሐጃ ሥራው የት እንደደረሰ ሊያዩ መጥተው ዱካ ላይ ተቀምጠዋል። በተሰባበረ ሶማሊኛዬ እያወራኋቸው ሳለ ግርማ ከሱቁ ውስጥ ደወለ። መስመሩ ይቆራረጣል። እኔም መጮህ ጀመርኩ። በአማርኛ ነው፣ ማን ይሰማኛል ብዬ...

«ቀጭኗን ነው የምልህ! ቀጭኗን!»

ግርማ ደግሞ ነገር አይገባውም። ያለችህ ምን ሆነች ይለኛል።

«የቤቷማ ሰፊ ናት አልኩህ እኮ! ደሞ አርጅታለች፣ ጥርሷ አልቋል። ትንሽ ዞር ላድርግሽ ስላት ትጮሃለች፣ ትጨሳለች። ግትር ናት!»

ቀጭኗ ብትበጠስብህስ አለኝ።

«እኔ አውቅበታለሁ፣ ቀስ አድርጌ ነው የምይዛት። አንተ ብቻ ይዘህልኝ ና። ሰፊዋን ዛሬውኑ እፈታታለሁ!»

ስልኩን ስዘጋ ሐጃ ቆመዋል። ፊታቸው ልክ አይደለም።

«አንተ ሰይድ!» አሉኝ... ጥርት ባለ የድሬ አማርኛ! «አላህን አትፈራም?»

ክው አልኩ። እስከዛሬ ከአፋቸው አንዲት የአማርኛ ቃል ሰምቼ አላውቅም። ለካ ሐጃ ያደጉት ድሬዳዋ ነው! እኔ ቂሉ ታዲያ የተቆጡት ሥራው ስለዘገየ መሰለኝ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ሐጃ፣ ነገ ትደርሳለች» አልኩ።

«ከየት ነው የምትመጣው?»

«ከበርበራ ነዋ።»

«ከማን ጋር?»

«ከሾፌሩ ጋር።»

«ብቻዋን ከወንድ ጋር?»

«ኧረ ምንም አትሆንም ሐጃ! ተጠቅልላ፣ በሽቦ ታስራ ነው የምትመጣው።»

«ታስራ?! ያ ረቢ!» ዱካው ላይ ዘጭ አሉ። «የኔም ሰውዬ እንዲሁ በስልክ ነበር የጀመረው... በል ስማ። አርጅታለች ብሎ ሚስቱን የሚፈታ ሰው የልጄን አልጋ አይሠራም! በረካ የለውም። አቦ ጣውላዬን መልስልኝ!»

«ሚስቱን» ሲሉ ነው የነቃሁት። ወይኔ ጉዴ! እኛ እኮ ማሽንም እንፈታለን፣ ምላጭም እንፈታለን... ሚስትም ይፈታል። ሙያተኛ ደግሞ የሚወዳትን እቃ «እሷ» ማለት ልማዱ ነው። አልጋዬ፣ ስሜ፣ ሥራ ቤቴ፣ ሁሉም በአንድ ቃል ሊሄድብኝ ነው።

ማስረዳቱን ትቼ ማሽኑን አስነሳሁ። ቁራጭ ጣውላ ላይ በእርሳስ ግማሽ ክብ ሠርቼ ወደ ሰፊዋ ምላጭ ገፋሁት። ትንሽ እንደሄደች አልዞርም አለች። ጮኸች። እንጨቱ ጠቆረ፣ ጢሱ ቤቱን ሞላው።

«ይኸው ሐጃ! የምፈታት ይቺን ነው! ሚስቴ ዘይነባማ ኮምቦልቻ ልጆቼን እያሳደገች ነው፣ ጥርሷም ሙሉ ነው!»

ሐጃ ምላጯን አዩ። እኔን አዩ። ከዚያ በሻርፓቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፍነው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ።

ሳቃቸው ሲበርድ ወደ ማሽኑ ጠጋ ብለው «እና አሁን ይቺን ልትጥላት ነው?» አሉኝ።

«ኧረ አልጥላትም! ጥርሷን ሞርጄ ጣውላ እሰነጥቅባታለሁ። ቀጥ ላለ ሥራ እንደሷ የለም።»

«እንደሱ ነው! ሁለት ካደረግክ በእኩል ማየት ነው። ቀጥ ያለውን ለሷ፣ ጥምዙን ለቀጭኗ። አንዷን ጥግ ጥለህ ሌላዋን ብታሞላቅቅ እኔ ነኝ የምመጣብህ። በል አልጋውን ቀጥል።»

አልሐምዱሊላህ! እንደ ትናንት ተንፍሼ አላውቅም።

ይኸው ዛሬ ቀጭኗ ደርሳለች። የራስጌው ሐረግ እኔን ራሴን አስገረመኝ፣ ያምራል። የቀረው የአልጋው እግር ነው። ምስጥ እንዳይበላው ብለው ሐጃ ብረት እንዲሆን አዘዋል። በእነዚህ በሁለቱ ደግሞ ብረት አይነካም፣ ጥርሳቸውን ያረግፈዋል። ጥርሷ ደቀቅ ያለ፣ ማሽኑን አዘግይቼ የማሠራት ሌላ ምላጭ ያስፈልገኛል። ለግርማ ዛሬ አልደወልኩም፣ በጽሑፍ ላክሁለት።

ሦስተኛ ልጨምር ነው ብሎ ለሐጃ ማን ይንገርልኝ?