ባለ ሁለት በሯ ክፍል

በታችኛው የአርባ ምንጭ ሰፈር፣ የሲቀላ ሰው ጠበቃ ሸዋንዳኝ ታምሩን በሁለት ነገር ያውቀዋል፤ በጥቁር ኮቱና ተከራይ በማስለቀቁ። ኮቱን፣ ዶሮ እንኳ ጥላ ፈልጋ አፏን ከፍታ በምትውልበት በዚያ ሙቀት፣ እስከ መጨረሻው ቁልፍ ቆልፎት ይውላል። ላቡ በጆሮ ግንዱ ሲንቆረቆር ያየ ሰው «ጠበቃ፣ ምነው ቢያወልቁት?» ካለው፣ «ሕግ አይራቆትም» ብሎ ይመልሳል። ራቁቱን የሚቀርበት ቀን እየመጣ መሆኑን ማን ይንገረው!

አባቱ ጨንቻ የሰፈረ ወታደር ነበር። ልጁ አዲስ አበባ ሄዶ በማታ ትምህርት ሕግ ተማረ። የጠቅላይ ግዛቱ መቀመጫ ከጨንቻ ብርድ ወደ አርባ ምንጭ ሙቀት ሲወርድ፣ እሱም የጥብቅና ፈቃዱን በደረት ኪሱ ከትቶ አብሮ ወረደ። በአዲሱ ከተማ ሌላው ሰው ቦታ ተመራ፣ ሱቅ ሠራ። ሸዋንዳኝ ግን ከሱቁ ይልቅ በባለሱቁና በተከራዩ መካከል ያለው ጠብ እንደሚያበላ ቶሎ ገባው። የሚጽፈው የኪራይ ውል ዝነኛ ነበር። ተከራዩ ሚስማር እንዳይመታ፣ እሳት እንዳያነድ፣ ዘመድ እንዳያሳድር ይከለክላል፤ «እንዳይተነፍስ» የሚለው የቀረው ወረቀቱ ስላለቀ ነው ተብሎ ይታማ ነበር።

ከድሎቹ ሁሉ እንደ በኩር ልጅ የሚያቆላምጣት አንዲት ነበረች፤ የግራዝማች ሽበሺ የማዕዘን ክፍል። ክፍሏ ወደ ገበያው የሚከፈት አንድ በር ነበራት። የተከራያት ልብስ ሰፊ፣ ዳምጤ የሚባል፣ ከአውቶቡስ የሚወርደው መንገደኛ በጎን በኩል ዝም ብሎ ሲያልፈው እየቆጨው፣ ግድግዳውን በስቶ ወደ አውቶቡስ መናኸሪያው ሁለተኛ በር አወጣላት። ከዚያ ወዲያ መንገደኛው በአንዱ በር የተቀደደ ሱሪ ይዞ ይገባል፣ በሌላው አስጠቅሞ ይወጣል። ግራዝማች ይህን ሲያዩ ምራቃቸውን ዋጡ፤ ሸዋንዳኝንም ጠሩ። ሸዋንዳኝ ችሎት ፊት ቆሞ፣ «ተከራይ ባለቤቱ ሳይፈቅድ የቤቱን መልክ ሊለውጥ አይችልም። ዛሬ ግድግዳ የበሳ ነገ ጣራ ያነሳል!» አለ። ዳምጤ የስፌት መኪናውን ተሸክሞ ወጣ። ግድግዳ በሳ ተብሎ ይባረር እንጂ፣ ቀዳዳውን ግን አንድም ሰው አልደፈነውም። እንዲያውም ግራዝማች፣ «ይቺን ክፍል ቀለም ላስቀባትና ያንተ ቢሮ ትሁን» ብለው ለጠበቃቸው ቃል ገቡ።

በዚያ ክርክር ለዳምጤ የቆመው ዘካሪያስ ዳልጮ ነበር። የጋሞ ደጋ ሽማግሌ ልጅ ነው፤ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደገ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር፣ ለተከራይ ብቻ የሚቆምና ዘወትር ተሸንፎ የሚወጣ ጠበቃ። ሸዋንዳኝ ይወደው ነበር። ጥርስ የሌለው ውሻ የሚጠላ ማን አለ? ከችሎት ሲወጡ ትከሻውን ቸብ ቸብ እያደረገ፣ «ወንድሜ፣ ነገር በጸሎት አይረታም» ይለውና ሻይ ይጋብዘዋል። ዘካሪያስም «እሺ ጋሼ» ብሎ ሻዩን ይጠጣል።

ከዚያ፣ ክፍሏ ገና ቀለም ሳትቀባ፣ አብዮት መጣ። በሐምሌ ስድሳ ሰባት የከተማ ቦታና የትርፍ ቤት አዋጅ በሬዲዮ ተነበበ። ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ፤ አከራይና ተከራይ የሚባል ነገር ከእንግዲህ የለም ተባለ። የታሪክ መንኮራኩር ወደ ኋላ አይዞርም እየተባለ በየወረቀቱ ተጽፏል። መንኮራኩሩ ግን በመንገዱ ላይ ማን እንደተኛ አይጠይቅም፤ ሸዋንዳኝ ከነኮቱ መሐል መንገድ ላይ ነበር የተኛው። ሐኪም በሽታ በአዋጅ ቢጠፋበት ምን ይሆናል? እሱንም ያገኘው ይኸው ነው። አከራይ ከሌለ የሚያስለቅቅ የለም፤ የሚያስለቅቅ ከሌለ ሸዋንዳኝ የለም። ጠረጴዛውን አውጥቶ ከገበያው ዳር ማንጎ ሥር ዘረጋና «ማመልከቻ እንጽፋለን» የሚል ካርቶን ሰቀለ።

ይህን ሁሉ እንኳ ይችለው ነበር። ከሰው ጋር የመጣ መዓት እንደ ሰርግ ነው፤ ግራዝማችም ወድቀዋል፣ ከእሳቸው የሚበልጡትም ወድቀዋል። ያልቻለው ዘካሪያስን ነው።

በየችሎቱ ሲሸነፍላቸው የኖሩት ተከራዮች ያ ሁሉ ሽንፈት ውለታ ሆኖ ታያቸው። ቀበሌ ሲቋቋም እጃቸውን አውጥተው የሕግ አማካሪ አደረጉት፤ ቢሮም ይሁንህ ብለው ባለ ሁለት በሯን ክፍል ሰጡት። ያቺኑ! ከማንጎው ሥር ሆኖ ቀና ላለ ሰው ፊት ለፊት የምትታየውን! ከጠዋት ጀምሮ ባለጉዳይ በገበያው በር ይገባል፣ በመናኸሪያው በር ይወጣል። ሸዋንዳኝ ብዕሩን ከፍቶ ይቀመጥና የገባውን ይቆጥራል፤ የወጣውንም ፊቱ ፈክቶ እንደሆነ ያጣራል። ፊቱ የፈካ እንደሆነ ያን ቀን ምሳ አይበላለትም።

አንድ ቀን ግራዝማች ሽበሺ ራሳቸው በትራቸውን ተደግፈው ከላይኛው ሰፈር፣ ከሴቻ ዳገት ወረዱ። ሸዋንዳኝ ወደ እሱ የሚመጡ መስሎት ብድግ ብሎ የኮቱን ቁልፍ አጠበቀ። ግራዝማች አጠገቡ ሲደርሱ ባርኔጣቸውን አነሱለት።

«እንደምን ዋልክ፣ ሸዋንዳኝ? ዘካሪያስ አለ?»

«ግራዝማች! እርስዎ? እዚያ?»

«ምን ላድርግ ልጄ፣ የመኖሪያ ቤቴን ነገር ላማክረው ነው። ጨዋ ልጅ ነው ይላሉ» አሉና በገበያው በር ገቡ። በመናኸሪያው በር ሲወጡ ፊታቸው ፈክቶ ነበር።

ማታ የሸዋንዳኝ ሚስት ሻሺቱ ራት አቅርባ ብትጠብቀው እጁን ታጥቦ ተቀመጠና ሳይበላ ግድግዳ ግድግዳ ያይ ጀመር።

«ዛሬ ደግሞ ስንት ሰው ገባለት?» አለችው።

«ማን ቆጠረ!»

«አንተ ነሃ! ከጎረቤት ሁሉ የዘካሪያስን ገበያ የምታውቅ አንተ ነህ። ይልቅ ሄደህ አንዲት ወንበር ከጎንህ ስጠኝ ብትለው አይከለክልህም። ትሑት ሰው ነው።»

በዚህች «ትሑት» በምትለዋ ቃል ሸዋንዳኝ ራቱን ገፋ አደረገ። ዘካሪያስ ክፉ ቢሆን ኖሮ በቀለለው ነበር። ሲያገኘው ይኸው ዛሬም «ጋሼ» ብሎ ከወገቡ ጎንበስ ይላል፤ ያኔ ሻይ የተጋበዘውን ሳይረሳ አሁን ሻይ የሚጋብዝ እሱ ነው። ምቀኛ አታሳጣኝ ይላል ያገሬው ሰው፤ ዘካሪያስ እንዲህ ብሎ ሳይለምን ተሰጥቶታል።

ሸዋንዳኝ ለቀበሌው የፍርድ ሸንጎ ክስ አቀረበ። ክሱ አጭር ነው፤ ጓድ ዘካሪያስ ሴቻ ላይ በቀበሌ ቤት ይኖራል፣ ሲቀላ ላይ ሌላ የቀበሌ ክፍል ይዟል። አብዮቱ ለአንድ ሰው ሁለት ቤት አይፈቅድም። ስለዚህ ክፍሏን ይልቀቅ፤ ቢሮ ለሌለው ለከሳሽም ትሰጥ። የፊውዳሎች ጠበቃ የነበረ ሰው በአንድ ጀምበር የሰፊው ሕዝብ ጥቅም አስጨነቀው!

የፈራው የዘካሪያስን አፍ ነው። ያ ረጋ ያለ ድምፅ በሐሩሩ ላይ እንደ ደጋ ነፋስ ሲመጣ ሰው ሁሉ ራሱን እየነቀነቀ ያዳምጣል። ያን አፍ በምን ዝም ያሰኘው? ሸዋንዳኝ ጨንቻ አድጓልና መላው ትዝ አለው። በዱቡሻ፣ ጋሞዎች ተሰብስበው ነገር በሚያበርዱበት አደባባይ፣ አንድ ሰው ለምለም ሳር ይዞ ከተንበረከከ ማንም አይመልስበትም፤ ቂም የያዘ ይተዋል፣ ጦር ያነሳ ያወርዳል። ከሸንጎው ዳኞች የሚበዙት የደጋ ሰዎች ናቸው። ሸዋንዳኝ፣ ከሕግ መጽሐፍ ሌላ በምንም የማይምለው ሸዋንዳኝ፣ ሸንጎው በሚሰየምበት ቀን ጠዋት ወደ መስኩ ወርዶ እንደ ጥጃ ሳር ሲመርጥ ታየ።

አዳራሹ ስለሚሞቅ ሸንጎው የተሰየመው ከደጅ፣ ሾላው ሥር ነበር። ሰብሳቢዋ ጌጤ ናት፤ ቅቤ ነጋዴ፣ ምላሷን ግን ቅቤ ነክቶት የማያውቅ።

«ከሳሽ ቅረብ» አለች። «ጠበቃ ነኝ ማለት እዚህ አይሠራም። እንደ ሰው ተናገር።»

ሸዋንዳኝ ከኮቱ ሥር ሳሩን አወጣና በሁለት እጁ ይዞ ተንበረከከ። ጉርምርምታው ባንዴ ጸጥ አለ። ከኋላ የነበሩ ሽማግሌዎች ቆባቸውን አወለቁ። ያን ጸጥታ ሲያገኝ ተናገረ፤ እንዲህ ተናግሮ አያውቅም። ጓዱ ሴቻ እንደሚተኛ፣ ሲቀላ እንደሚቀመጥ፣ ቢሮ ብለው ቢጠሩት ቤት ቤትነቱን እንደማይተው፣ ክፍሏ በሁለት በሯ ሕዝብ ልታገለግል ሲገባት አንድ ሰው እንደታቀፋት አስረዳ። «ስለዚህም ይህች ክፍል…» ብሎ ትንፋሽ ሊወስድ ሲቆም ዘካሪያስ ተነሣ።

«ጋሼ ሳር ይዘዋል» አለ በዚያችው ድምፁ። «ሳር በያዘ ሰው ላይ አልመልስም። ያሉት ሁሉ ይሁን፤ ክፍሏን እለቃለሁ።»

የሸዋንዳኝ ልብ ከኮቱ ሊወጣ ደረሰ።

«አንዲት ነገር ብቻ» አለ ዘካሪያስ። «አባቴ፣ ሳር የያዘ ሰው ለራሱ አይለምንም ይል ነበር። ለራሱ የሚለምን ሳሩን ጥሎ እንደ ማንኛችንም ይከራከራል። እና ጋሼ ለማን እንደሚለምኑ ይንገሩንና ነገሩ ይለቅ።»

«በእኛም አገር ሳር የሚያዘው እንደዚያው ነው» አለች ጌጤ። «ጓድ ሸዋንዳኝ፣ ለማን ነው? ለራስህ ከሆነ ሳሩን ጣልና ክርክሩ ካንድ ይጀመር።»

ሸዋንዳኝ በጉልበቱ እንዳለ ነገሩን መዘነ። ሳሩን ቢጥል፣ በዚያ ሁሉ ሽማግሌ ፊት ሳር የጣለ ሰው ተብሎ ሊኖር ነው፤ ከዚያም በላይ ዘካሪያስ አፉን ሊከፍት ነው፣ ሊረታ ነው፣ ያቺን ክፍል ነገም ተነገ ወዲያም ይዟት ሊቀመጥ ነው። ላቡ ዓይኑ ውስጥ ገባ። በጭጋጉ ውስጥ፣ ከሰዉ ዳር፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሰው ታየው። እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል አለች አሉ አህያ፤ ሸዋንዳኝ ሰርዶውን በእጁ እንደያዘ፣

«ለዳምጤ!» አለ።

«ለየቱ ዳምጤ?»

«ለልብስ ሰፊው!»

«አሃ! ያስለቀቀውስ ማን ነበር፣ ጓድ?» አለች ጌጤ፤ ሾላው ሥር ያለው ሰው ሁሉ በሳቅ ተንከተከተ። ዳምጤ ብቻ አልሳቀም፤ ስሙን የሰማው ለሌላ ክስ መስሎት ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ነበር።

ሸዋንዳኝ ከጀመረ ወዲያ መመለስ አልቻለም። በሯን ያወጣ ዳምጤ መሆኑን፣ ክፍሏን ክፍል ያደረጋት ያ በር መሆኑን፣ ቤት ያሻሻለ ተከራይ ሊመሰገን እንጂ ሊባረር እንደማይገባው ተናገረ። እያሳመረ፣ እየደረደረ ሲሄድ ቃሉ ሁሉ አፉ ላይ የለመደው መሰለው። ከየት እንደሚያውቀው ትዝ ያለው መሐል ላይ ነው። ያኔ ችሎት ፊት፣ እሱ ጣሪያ ጣሪያ እያየ ሲያዛጋ፣ ዘካሪያስ የተናገረው ነበር። አንዲት ቃል አልጎደለችም።

ሸንጎው ሳይነሣ ወሰነ። ክፍሏ ለዳምጤ ትመለስ።

ሰዉ ሲበተን ዘካሪያስ መጥቶ ሸዋንዳኝን በክንዱ ደግፎ አነሣው፤ የጉልበቱንም አቧራ አራገፈለት።

«ጋሼ» አለ ዓይኑ እርጥብ ሆኖ፣ «ያኔ የተሸነፍኩበትን ዛሬ አሸነፉልኝ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይሉኝታ ይዞኝ እንጂ ክፍሏን ለዳምጤ ልለቅለት አስቤ ነበር፤ የመረጡኝን ሰዎች እምቢ ማለት ፈርቼ ነው።»

ከዱላ ይልቅ እንዲህ ያለ ምስጋና ይሰብራል። ሸዋንዳኝ የኮቱን ቁልፍ አጥብቆ መንገዱን ያዘ። ቤቱ ሲገባ ሻሺቱ ወሬው ቀድሞ ደርሷት፣ «እሰይ የኔ ጠበቃ! ለድሃ ቆምክ አሉኝ» ብላ ሁለቱንም ጉንጩን ሳመችው። ያን ቀንም ራቱን አልበላም።

በሳምንቱ ዳምጤ የስፌት መኪናውን አስገብቶ የአብዮት ጥበቃዎችን ካኪ መስፋት ጀመረ። ዘካሪያስም ቢሮ አጣና ጠረጴዛውን አሸክሞ በገበያው መሐል ሲመጣ ታየ። ከተማው ሰፊ ነው፤ ጥላ ግን አንድ ነበር። ከማንጎው ሥር፣ ከሸዋንዳኝ ጎን፣ ክንድ ለክንድ ሊነካኩ ጥቂት ሲቀራቸው ተቀምጦ፣ «ጋሼ፣ ካልከበድኩዎት» አለ።

ባለጉዳዩም ተከትሎት መጣ። ፀሐይ ከፍ ሲል ወረፋው ጥላ ጥላውን እየያዘ ሄደ፣ ተጠማዘዘ፣ በሸዋንዳኝ ጠረጴዛ ዙሪያ ገባ። አንዲት ጥጥ ያዘለች ሴት የሸዋንዳኝን ወንበር በዘንቢሏ ገፋ አድርጋ፣ «አባባ፣ ጠጋ ይበሉ፤ ጠበቃውን ልናነጋግር ነው» አለችው። ሸዋንዳኝ ጠጋ አለ። ሌላው መጣ፣ ደግሞ ጠጋ አለ። በመጨረሻ እሱና ጠረጴዛው፣ ካርቶኑና ጥቁር ኮቱ፣ ከማንጎው ቅጠል ወጥተው ሐሩሩ ላይ ቀሩ።

ዘካሪያስ ይህን ሲያይ ብዕሩን አስቀምጦ ተነሣ። «ኧረ ጋሼ! ወደዚህ ይምጡ፣ እኔ እወጣለሁ!»

«የለም፣ የለም» አለ ሸዋንዳኝ የላይኛውን ቁልፍ እያጠበቀ። «ፀሐይ እወዳለሁ።»

የሲቀላን የቀትር ፀሐይ የወደደ ሰው ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልታየም።