የዘጠና ደቂቃ ቀለም

አጎቴን ሰበታ ከቀበርናቸው ዓመት ሊሞላ ነው። ደግ ነበሩ ብዬ አልዋሽም። እኔ የማስታውሳቸው የቀለም በርሜላቸው ላይ እንዳጎነበሱ ነው። አቡጀዲ ቀደው፣ ግማሹን ቀይ ግማሹን ሰማያዊ ነክረው፣ ቡድኖቹ የማያውቁትን የደጋፊ ሻርፕ አዲስ አበባ ስታዲየም በር ላይ ይሸጡ ነበር። ባለቤታቸው አክስቴ፣ "ኧረ ቀለሙ እንዳይለቅ ጨው ይጨምሩበት! የሰው አንገት አበላሹ እኮ" ስትላቸው መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነበር።

"ኳሱ ዘጠና ደቂቃ ነው። ቀለሙ ከዚያ በላይ ምን ይሠራል?"

ጃንሆይ ዋንጫ የሚሰጡ ዕለት አቡጀዲው አለቀባቸው። የአክስቴን የሠርግ ቀሚስ ከሳጥኗ አውጥተው ቀደዱት። እሷ በር ላይ ቆማ እያየች ቀይ ነከሩት። ማታ ሲመለሱ ሁሉም እንደተሸጠ ብቻ እየሳቁ ነገሩን።

ሲሞቱ አክስቴ የሐዘን ልብሳችንን በዚያው በርሜል ጥቁር ነከረች። ጨው ይዤ ስቀርብ እጄን ገፋችው።

"ተይው። ዘጠና ደቂቃ ይበቃቸዋል።"

ከቀብር ስንመለስ ዝናብ ያዘን። ድንኳኑ ጋ ስንደርስ ጥቁሩ በባቷ ላይ ወርዶ፣ ቀሚሷ አመድ መስሎ ነበር። ለቀስተኛው ቀሚሷን አፍጥጦ አየ። እሷም አልቀየረችውም።

በርሜሉ ዛሬም ግቢው ውስጥ ባዶውን ቆሟል፤ የሚያጎነብስበት የለም። የእኔን ልብስ ግን በነከረችበት ቀን አክስቴ ዞር ስትል ጨው ጨምሬ ለብቻው ደግሜ ነክሬው ነበር። ስንቴ አጠብኩት። ቀለሙ እስካሁን አልለቀቀም።