የአገሩ ልጆች ሁሉ አለቃ እና የኔ ማሽላ

በ1932 ዓ.ም. በጥቅምት፣ ረመዳን ገብቶ ማሽላው ወተት በያዘበት ሰሞን ነው። የምንኖረው ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብሎ፣ ጣሊያን ከሚሠራው መንገድ ሥር ነበር። ባሌን ለዚያው መንገድ ድንጋይ ሊያስፈልጡት ወደ ጀውሃ ወስደውታል። የቀረኝ አንድ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅና አንድ ማሳ ማሽላ ነው። አልሐምዱሊላህ፣ ሁለቱም ደኅና ነበሩ።

የቆላ ሰው የሚያውቀውን ለሌላው ልንገር። ማሽላ ወተት ሲይዝ ግሪሳ ይመጣል። ወፉ ትንሽ ነው፤ መንጋው ግን እንደ ደመና ነው። ያረፈበት ማሳ አገዳ ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ የዓመት እንጀራም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ በዚያ ወር ልጆቻችን ወንጭፍ ይዘው ከማማ አይወርዱም። ሕጉም አንድ ነው። "ግሪሳ" የሚል ድምፅ የሰማ ሁሉ የያዘውን ጥሎ ይሮጣል። የማን ማሳ ነው ተብሎ አይጠየቅም።

በዚህ መሀል የአገሩ ልጆች ሁሉ አለቃ መጣ። እንዲህ ያለ ሹመት መኖሩን የሰማነው ያን ቀን ነው። ሰውየው የጎረቤታችን ልጅ ነበር፤ በልጅነቱ ንፍጡን ጠርጌለታለሁ። አዲስ አበባ ተምሮ፣ በንጉሡ ጊዜ ስካውት የሚሏቸውን ልጆች በነጻ ይመራ ነበር አሉ። ጣሊያን ሲገባ ሸሚዙን ጥቁር ቀለም አስነክሮ በደመወዝ ቀጠለ። አሁን ፊሽካ በአንገቱ፣ ዱላ በብብቱ አድርጎ በካሚዮን ይዞራል።

ትእዛዙ እንዲህ ነበር። ወንዶች ልጆች ሁሉ ሦስት ቀን መንገድ ዳር ባለው ሜዳ ላይ ሰልፍ ይማራሉ፤ በሦስተኛው ቀን አንድ ትልቅ የጣሊያን ሹም መጥቶ ያያቸዋል። ወንጭፍ የጦር መሣሪያ ነው ተባለና በጆንያ ተሰበሰበ። በምትኩ ለየልጁ አንገት ጥቁር ጨርቅ ታደለ።

ሁለት ቀን እኛ እናቶች ማማ ላይ ወጥተን ጣሳ መታን። ጣሳ ለጥቂት ወፍ ይበቃል፤ ለመንጋ ግን ከንቱ ነው። በሁለተኛው ቀን ከአሥር ሰዓት በኋላ ሁለት ነገር ሰማን። አንደኛ፣ ግሪሳው አጣዬ ደርሷል። ሁለተኛ፣ ነገ እናቶችም መጥተው ያጨብጭቡ ተብሏል። ማሳው ቀኑን ሙሉ ያለ ሰው ሊውል ነው። ወደ አለቃው ድንኳን ሄድኩ።

"ልጄን ለነገ ልቀቅልኝ። ግሪሳ እየመጣ ነው።"

"እትዬ፣ አንቱ ይበሉኝ እንጂ፤ ሰው ይሰማል" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"እሺ። ልጄን ይልቀቁልኝ።"

"እኔ እኮ የአንድ መንደር አለቃ አይደለሁም። የአገሩ ልጆች ሁሉ አለቃ ነኝ።"

"ለመሆኑ ስንት ልጅ አለዎት?"

"አላገባሁም።"

"ታዲያ ሥራዎ ምንድን ነው?"

"መምራት።"

"ወዴት?"

"ወደፊት" አለና በዱላው አመለከተ። ዱላው ያመለከተው የኔን ማሽላ ነበር።

"እሱን መንገድ እንኳ ልጄ ያለ መሪ ያውቀዋል" ብዬው ወጣሁ። በጾም አፌን መጠበቅ ነበረብኝ። አላህ ይማረኝ።

በማግሥቱ ሜዳው ላይ ቆምን። ሹሙ ወፍራም ሰው ነው፤ ላቡን በመሐረብ ይጠርጋል። የካሚዮኑ ሹፌር ጣሊያንኛ ስለሚያውቅ ለእኛ ለሴቶቹ በቀስታ ይተረጉምልን ነበር። በቀትር ለልጆቹ ጋሌጣ የሚሉት ደረቅ ብስኩት ታደለ። ረመዳን መሆኑን አለቃው ረስቶታል፤ ጾሙን የት እንደተወው አልጠየቅሁትም። ልጆቹ ተቀብለው ለመግሪብ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ሊያፈጥሩበት፣ ኪሳቸው ከተቱት። አንድም የቀመሰ የለም።

"ሳይታዘዙ አይበሉም ወይ? እያለ ነው ሹሙ" አለ ሹፌሩ።

"አለቃውስ ምን መለሰ?" አልኩት።

"ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ ብሎታል።"

ወደ አሥር ሰዓት ግድም፣ ልጆቹ ተሰልፈው ቀኝ እጃቸውን ወደ ላይ እንደ ዘረጉ፣ በሰሜን በኩል ሰማዩ ጠቆረ። ከሰልፉ መሀል አንድ ድምፅ "ግሪሳ" አለ። የልጄ ድምፅ ነበር።

ሰልፍ የሚባል ነገር አልቀረም። ልጆቹ ጥቁሩን ጨርቅ ካንገታቸው እየፈቱ፣ ለመንገዱ ከተከመረው ጠጠር እየዘገኑ ወደየማሳው ፈረጠጡ። ጨርቁ ታጥፎ ጠጠር ሲገባበት ከወንጭፍ ያላነሰ ሆነ። ጠጠሩን ባሌ ፈልጦት እንደሆነ አላውቅም። ሌሎቹ እናቶችም ነጠላቸውን እያራገቡ ተከተሉ፤ እኔ ግን የልጄ ነገር አሳስቦኝ ሹፌሩ ዘንድ ቆየሁ። ሜዳው መሀል የቀሩት ሹሙና የአገሩ ልጆች ሁሉ አለቃ ብቻ ናቸው። የሚመራው አንድም ልጅ አልነበረም።

"የት ሄዱ? ማን አዘዛቸው? ነው የሚለው" አለ ሹፌሩ። ሳቁ ጠፍቶ ነበር። የሚከተለው አለንጋ እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

አለቃው አመድ መሰለ። ወደ ማሽላው አየ፤ ወደ እኔም አየ። ከዚያ ተረከዙን አጋጭቶ ተናገረ።

"ጠላት ከሰማይ ሲመጣ የሚደረግ ልምምድ ነው፤ ያዘዝኳቸውም እኔ ነኝ ብሎታል" አለ ሹፌሩ፣ አፉን በእጁ ሸፍኖ።

ሹሙ ብዙ አጨበጨበ። የአለቃውን ትከሻ መታ መታ አደረገ። ደመወዙም እንዲጨመርለት ቃል ገባ አሉ።

ከማሳዬ ጥግ ጥቂት ተበላ፤ ሌላው ተረፈ። የልጆቻችን ጀርባም ተረፈ። ሰዉ ሁሉ በአለቃው ይስቃል፤ እኔም ሳቅሁ። ግን ያን ቀን እውነቱን ተናግሮ ቢሆን ልጄ ይገረፍ ነበር። በሹመቱ ዘመን አንድ ቀን ልጆች ጠበቀ፤ እሱም በውሸት። አላህ በፈለገው ሰው ያድናል።

በማግሥቱ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ወተቱ ጠና ያለ የማሽላ እሸት ቆርጬ፣ በአገዳ ልጥ አስሬ ካሚዮኑ ሳይነሳ ደረስኩ።

"እትዬ፣ ይህ ለምንድን ነው?" አለኝ።

"ለመግሪብህ ነው። ከዚያ በፊት እንዳትቀምሰው።"

አንቱ ይበሉኝ አላለም። እሸቱን ተቀብሎ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። እኔም ተመልሼ ማማው ላይ ወጣሁ። ልጄ ለሱሑር፣ ከጾሙ በፊት ሊበላ፣ በሌሊት ተነሥቶ እንቅልፍ አልጠገበም ነበርና አስተኛሁት፤ ጥቁሯን ጨርቅ አጥፌም ጠጠር አስገባሁባት።