የአይጥ ሚኒስትር

ባልደረቦቼ «የአይጥ ሚኒስትር» ይሉኝ ነበር። ከአዳማ ወጣ ብሎ ባለ ጤና ጣቢያ የሳምንቱን የበሽታ ሪፖርት የምሞላው እኔ ነኝ። ጠዋት ጠዋት ግን ሻዬን ይዤ ስልኬ ላይ ባለ ካርታ የምከታተለው ሃንታ ቫይረስ ዛሬ የት አገር እንደታየ ነው። በሽታው የሚይዘው የአይጥ ሽንትና ዓይነ ምድር ያለበትን አቧራ በመተንፈስ ነው፣ ኩላሊትንም ያደክማል። ካርታው ላይ ደቡብ አሜሪካና ቻይና ቀይ ነጥብ አለባቸው፣ የእኛ ሰፈር ንጹሕ ነው። ንጹሕ የሆነው አይጥ ጠፍቶ ሳይሆን መርማሪ ጠፍቶ ይመስለኝ ስለነበር እናደድ ነበር።

አንድ ማክሰኞ ከደቡብ መጥቶ እዚሁ የሚኖር ሸንኮራ ቆራጭ ትኩሳት ይዞት መጣ። ሁለት ጊዜ ለወባ ተመርምሮ ምንም አልተገኘበትም። ወገቡን ያመዋል፣ ሽንቱም ቀንሷል።

«ቤት ውስጥ አይጥ አለ?» አልኩት።

«አይጥ የሌለበት ቤት አለ እንዴ ዶክተር?» ብሎ ሳቀ።

ዶክተር አይደለሁም፣ ግን አላረምኩትም። ወደ ሆስፒታል ላክነው። በሦስተኛው ቀን ሞተ።

ደሙን ለሃንታ ምርመራ የላከ ሰው አልነበረም። ደወልኩ፣ ደብዳቤ ጻፍኩ፣ ካለቃዬ ጋር ተጨቃጨቅኩ። «ስም የሌለውን በሽታ ምን ብለህ ሪፖርት ልታደርግ ነው?» አለኝ። «ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳት» ብዬ ጻፍኩና ኮራሁ። እውነቱን ልናገር፣ ካርታው ላይ የእኛም ነጥብ ስትበራ ታይታኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ።

የሟቹ ቤት ከጤና ጣቢያው በእግር አሥር ደቂቃ ነው። መሄድ ትዝ ያለኝ ግን ከተቀበረ በኋላ ነው። ሚስቱ ሕፃን ልጇን አዝላ፣ መጥረጊያ ይዛ በር ላይ ተቀበለችኝ። ከአልጋ ሥር የወጣው ጆንያ ሁሉ ደጅ ተከምሯል። ክፍሉ ውስጥ አቧራው ገና አልረጋም።

«ይግቡ ዶክተር። ለቅሶ ደራሽ ይመጣል ብዬ ጥጋጥጉን ሁሉ ጠረግኩት። የአይጡን ቆሻሻ ቢያዩ ጉድ ይላሉ!»

ከመጥረግ በፊት መስኮት ይከፈታል፣ በረኪና በውሃ ተበጥብጦ ይረጫል። ይህን በቃሌ አውቀዋለሁ። ለአንድ ሰው እንኳ ነግሬ አላውቅም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ያን ጊዜ መለፍለፍ ጀመርኩ።

«ትኩሳት ከተሰማሽ፣ ሕፃኑንም ካተኮሰው፣ ሳታሳድሪ ነይ።»

መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈች።

«ምነው? እሱን የገደለው እዚህ ነው እንዴ ያለው?»

«አላውቅም» አልኳት።

ጀርባዋ ላይ ያለው ሕፃን አስነጠሰ። «ይማርህ» አለችው፣ ዓይኗን ከእኔ ሳትነቅል።